ባቢሎን የተያዘችው በእውነት ያለ ውጊያ ነው?

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ539 የፋርሱ ንጉሥ ቂሮስ ባቢሎንን ያዘ። ደም ሳይፈስ ገባ፣ ሕዝቡም እልል ብሎ ተቀበለው ሲባል ሰምተን አድገናል። ነገሩ እንዲህ ቀላል ነበር ወይ?

መጀመሪያ የከተማዋን የውስጥ ችግር እንይ። ንጉሡ ናቦኒዱስ የባቢሎንን ዋና አምላክ ማርዱክን ወደ ጎን ትቶ ሲን የተባለውን የጨረቃ አምላክ ከፍ ከፍ አደረገ። ይባስ ብሎ አገሩን ለልጁ ለብልጣሶር ትቶ በዐረብ ምድር ቴማ ላይ አሥር ዓመት ያህል ተቀመጠ። ንጉሡ ስለሌለ የአዲስ ዓመት በዓል ታጎለ። የማርዱክ ካህናት እንዴት አይቆጡ! ቂሮስ ደግሞ በ550 ሜዶንን፣ ቀጥሎም ልድያን ጠቅልሎ ደጃፋቸው ደርሷል።

አሁን ሁለት የሸክላ ጽሑፎችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። አንደኛው የቂሮስ ሲሊንደር የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 ከባቢሎን ፍርስራሽ ያስወጣው ሆርሙዝድ ራሳም ነው፤ አዎ፣ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ አስረውት የነበረው ያው ራሳም! ሸክላው ማርዱክ ራሱ ቂሮስን መርጦ ያለ ውጊያ ከተማው እንዳስገባው፣ ሕዝቡም እንደ ተደሰተ ይናገራል። የተጻፈው ግን በአዲሱ ንጉሥ ስም ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ?

ሁለተኛው የናቦኒዱስ ዜና መዋዕል ነው። እሱም ባቢሎን ያለ ውጊያ መያዟን አይክድም። ጥቂት መስመር ቀደም ብሎ ግን ሌላ ነገር አለ። በጤግሮስ ዳር ኦፒስ በምትባል ከተማ ጦርነት ሆነ፤ ምርኮ ተወሰደ፤ ሕዝብ ተፈጀ። ከዚያ ሲፓር ያለ ውጊያ እጇን ሰጠች፤ በሁለተኛው ቀን ባቢሎን ተከተለች። ቂሮስ ራሱ የገባው ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቶ፣ መንገዱ ከተጠረገለት በኋላ ነው።

እንግዲህ እንጠይቅ፤ ባቢሎናውያን በራቸውን የከፈቱት ቂሮስን ስለ ወደዱት ብቻ ነው? የኦፒስ ወሬ ሳይደርሳቸው ቀርቶ ነው? በእኛ አስተያየት የካህናቱ ቅሬታና የኦፒስ ፍርሃት አብረው ነው በሩን የከፈቱት።

የቂሮስን ደግ ሥራ አንክድም። ቤተ መቅደሶችን አሳድሷል፤ አይሁድም ወደ ኢየሩሳሌም እንዲመለሱ እንደ ፈቀደ በመጽሐፈ ዕዝራ ተጽፏል። ነገር ግን ደግነት ለገዢ ጥሩ ፖለቲካ መሆኑንም አንርሳ። እ.ኤ.አ. በ1971 የኢራኑ ሻህ የፋርስን መንግሥት 2500ኛ ዓመት ሲያከብሩ፣ ይኸው ሸክላ የመጀመሪያው የሰብአዊ መብት ሰነድ ተብሎ ቅጂው ለተባበሩት መንግሥታት ተበረከተ። በሸክላው ላይ ስለ ኦፒስ አንድም ቃል የለም።

ስለዚህ፣ ጓደኞቻችን፣ አንድ ሰነድ «ሕዝቡ ደስ አለው» ሲለን ወዲያው አናጨብጭብ። ስማቸው ያልተነሣውን ከተሞች እንፈልግ።