ብረትና ማግኔት በትርፍ ጊዜ ቅርጻ ቅርጽ

የአዲስ አበባ ምዕራባዊ ሠፈር ቀራንዮ ስሙን ያገኘው ከመድኃኔዓለም ደብር ነው። ክፍለ ከተማው ከአዲስ ከተማ ጋር ስለሚዋሰን የመርካቶው ምናለሽ ተራ ሩቅ አይባልም፤ ውድቅዳቂ ብረት ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ በመሆን የታወቀው በዚያ ነው። ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ቀለበት መሳይ ማግኔትና ጥቂት ምስማር፣ ብሎንና ዳዶ ያለው ሰው ከሥራ በኋላ ማምሻውን ዛፍ ወይም ወፍ ሊያቆም ይችላል። እሳትም መዶሻም አያሻውም። ያልወደደውን በጣቱ ነቅሎ እንደገና ይጀምራል፤ ሐሳብም በዚያው ያርፋል።

ነገሩ ጨዋታ ይምሰል እንጂ ከበስተጀርባው ከባድ ታሪክ አለ። በአገራችን ብረትን ለመዝናኛ መንካት እንግዳ የሆነው ብረት የሚነካው እጅ ስለተናቀ ይመስለኛል። ማረሻውን፣ ማጭዱንና ጦሩን የሚሠራው ባለሙያ ጠይብ እየተባለ ሲሰደብ፣ በቡዳነት ሲጠረጠር ኖሯል። የብረት መስቀሎቻችንን የሚያነሣ አንባቢ ቢኖር እውነት አለው፤ ዳሩ ግን መስቀሉን የተሳለመው ሁሉ የሠሪውን ስም አልጠየቀም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከለከሉ። ስድቡ በሕግ ተነቀፈ፤ ንቀቱ ግን ከአዋጁ በኋላም ረጅም ዕድሜ ነበረው።

ማግኔት በበኩሉ በጥንት ሊቃውንት ዘንድ የመደነቂያ ድንጋይ ነበር። በአክሱም ዘመን ወደ ግዕዝ የተመለሰው የፊሳልጎስ መጽሐፍ በግሪክኛው ስለዚሁ ድንጋይ የሚናገር ክፍል አለው። ለቅርጻ ቅርጽ ሥራ ማግኔትን በሰፊው ከተጠቀሙበት አንዱ ግሪካዊው ታኪስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ በፓሪስ በቀጭን ሽቦ የታሰሩ ብረቶችን ማግኔት እየሳባቸው አየር ላይ እንዲንጠለጠሉ አድርጓል።

የቤቱ ቀራጺ የሚያስፈልገው ዕውቀት ጥቂት ነው። ናስና አሉሚኒየም አይሳቡም። ምስማር ማግኔት ሲነካ ለጊዜው ራሱ ማግኔት ይሆንና ሌላውን ይይዛል፤ ማግኔቱ ሲነሣ ምስሉ ይፈርሳል። እሳትም የማግኔት ጠላት ነው፤ ወደ 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የጋለ ብረት አይሳብም። ይህን ጠባይ ቢላዋ ቀጥቃጮች ለሥራቸው ይጠቀሙበታል፤ የጋለውን ብረት ወደ ማግኔት አስጠግተው አልሳብ ሲል፣ ዘይት ውስጥ ለመንከር መቃረቡን ያውቃሉ።