አንዱ ባለድርሻ ሲሞት የጋራ ንግድ እንዳይፈርስ

የእህል ወፍጮ፣ የዘይት መጭመቂያ ወይም የጭነት መኪና በጋራ ገዝተው የሚሠሩ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ትርፍና ኪሳራን እንዴት እንደሚካፈሉ አስቀድመው ይስማማሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ቢሞት ድርሻው በማን እጅ እንደሚገባ ግን እምብዛም አይነጋገሩም።

ጉዳዩን በምሳሌ እንመልከት። ሁለት ባልንጀሮች 3 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ወፍጮ እኩል በእኩል አላቸው እንበል። አንዱ ቢሞት የ1 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር ድርሻው ለወራሾቹ ይተላለፋል። ወራሾቹ ልጆች የሚያሳድጉበት ጥሬ ገንዘብ ይፈልጋሉ፤ በሕይወት ያለው ባለድርሻ ግን ድርሻውን የሚገዛበት ገንዘብ ላይኖረው ይችላል። ያን ጊዜ ወፍጮው በርካሽ ይሸጣል፤ አለዚያም ክርክሩ እስኪያልቅ ተዘግቶ ይቆያል።

ይህን ለመከላከል የሚያገለግለው ዘዴ ሁለት ክፍሎች አሉት።

የመጀመሪያው የድርሻ ግዥ ውል ነው። አንዱ ባለድርሻ ሲሞት ሌላው ድርሻውን እንዲገዛ፣ ዋጋውም እንዴት እንደሚተመን በጽሑፍ ይስማማሉ።

ሁለተኛው የሕይወት መድን ነው። እያንዳንዱ ባለድርሻ በሌላው ሕይወት ላይ በድርሻው ዋጋ ልክ መድን ይገባል፤ አረቦኑን ይከፍላል፤ ተጠቃሚም ራሱ ይሆናል። ሞት ሲደርስ መድን ሰጪው የሚከፍለውን ገንዘብ ለወራሾች አስረክቦ ድርሻውን ይረከባል።

ሁለቱ ክፍሎች አይነጣጠሉም። ውል ኖሮ መድን ከሌለ መክፈያ ይጠፋል። መድን ኖሮ ውል ከሌለ ደግሞ ገንዘቡን የተቀበለው ሰው ለወራሾች እንዲያስረክብ የሚያስገድደው ነገር አይኖርም።

ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ነጥቦች

• በ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ መሠረት፣ በሌላ ሰው ሕይወት ላይ ለሞት የሚገባ መድን የዚያን ሰው የጽሑፍ ፈቃድ ይሻል።

• ተጠቃሚው በፖሊሲው ላይ በግልጽ ይጻፍ። ሟች በራሱ ሕይወት ላይ ገብቶት ተጠቃሚ ያልሰየመበት መድን ገንዘቡ ከውርስ ንብረት ጋር ይቀላቀላል።

• የጤና ሁኔታ በእውነት ይገለጽ፤ የተደበቀ ሕመም ክፍያ ሊያስከለክል ይችላል።

• አረቦን በወቅቱ ካልተከፈለ ዋስትናው ሊቋረጥ ይችላል።

• የንብረት ዋጋ ይለዋወጣልና ግምቱና የመድኑ መጠን በየዓመቱ ይታዩ።

• ድርሻው የባልና ሚስት የጋራ ሀብት ከሆነ የትዳር ጓደኛም በውሉ ላይ ይፈርም።

• ባለድርሻዎቹ ሦስት ከሆኑ እያንዳንዱ በሁለቱ ላይ ሲገባ ስድስት ፖሊሲዎች ያስፈልጋሉ፤ ወጪው አስቀድሞ ይሰላ።

ይህ መድን የሚከፍለው ለሞት ብቻ ከሆነ፣ አንዱ በሕመም ሥራ ቢያቆም ወይም በፈቃዱ ቢወጣ ድርሻው እንዴት እንደሚገዛ በውሉ ለብቻው መስፈር አለበት።

ውሉን በሕግ ባለሙያ ማስረቀቅና ሥልጣን ባለው አካል ማስመዝገብ ይመከራል። ከሁሉም በላይ ግን የሁለቱም ቤተሰቦች ስለ ውሉ ይወቁ፤ ፖሊሲውም የት እንደተቀመጠ ይነገራቸው። በሐዘን ወቅት የሚነሣን ጠብ የሚያስቀረው በጤና ጊዜ የተነገረ ቃል ነው።