ከአሥር ማይሉ ክብ ውጭ፦ የስሪ ማይል አይላንድ ዓርብ እና ያስከተለው ሕግ

በ1971 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ በኒውክሌር ኃይል ማመንጫ አጠገብ የሚኖር ሰው አደጋ ቢደርስ ወዴት እንደሚሄድ የነገረው አልነበረም ማለት ይቻላል። የፌዴራሉ የኒውክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ከኩባንያዎች የሚጠይቀው ለማመንጫው ዙሪያ ጠባብ ቀጣና ብቻ የሚሆን ዕቅድ ነበር። በፔንሲልቬንያ ግዛት፣ በሳስኩዊሃና ወንዝ መካከል ባለችው ስሪ ማይል አይላንድ ይህ ቀጣና ከ2 ማይል አያልፍም ነበር። በዙሪያው ያሉት ካውንቲዎች ግዛቱ በጠየቃቸው መሠረት እስከ 5 ማይል (8 ኪሎ ሜትር) የሚደርስ ሰነድ ነበራቸው። ግዛቱ ራሱ ግን በኮሚሽኑ የታየና የጸደቀ ዕቅድ አልነበረውም፤ እንዲኖረውም ሕግ አያስገድደውም ነበር።

አደጋው የጀመረው ረቡዕ መጋቢት 19 ቀን 1971 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1979) ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው። በሁለተኛው ሬአክተር ውኃ የሚመግቡት ፓምፖች ቆሙ፤ ግፊት ለማስተንፈስ የተከፈተው ቫልቭም መዘጋት ሲገባው ክፍት ቀረ። በመቆጣጠሪያው ክፍል የነበረው መብራት የሚያሳየው የመዝጊያው ትእዛዝ መተላለፉን እንጂ ቫልቩ መዘጋቱን አልነበረም። ኦፕሬተሮቹ ውኃው የበዛ መስሏቸው የአደጋ ጊዜ ማቀዝቀዣውን ቀነሱት። የሬአክተሩ እምብርት ግማሽ ያህል መቅለጡ የታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። ከጠዋቱ 1:24 ላይ አጠቃላይ የአደጋ ጊዜ ታወጀ፤ ሆኖም ረቡዕና ሐሙስ አካባቢው በአመዛኙ ተረጋግቶ ዋለ።

ለነዋሪው የከፋው ቀን ዓርብ ነበር፤ መነሻውም አንድ ቁጥር ነው። በዚያ ጠዋት ኦፕሬተሮች ጋዝ ሲያስተነፍሱ በማመንጫው ጭስ ማውጫ አናት ላይ ያንዣበበ ሄሊኮፕተር በሰዓት 1,200 ሚሊሬም ጨረር ለካ። በዋሽንግተን አካባቢ ያሉት የኮሚሽኑ ባለሙያዎች ደግሞ ከማመንጫው ክልል ውጭ መሬት ላይ ሊደርስ የሚችለውን መጠን በግምት አስልተው እነሱም 1,200 አግኝተው ነበር። የሄሊኮፕተሩ ልኬት ሲደርሳቸው ስሌታቸው የተረጋገጠ መሰላቸው። ጭስ ማውጫ አናት ላይ 1,200 መለካትና ሰው በሚኖርበት መሬት ላይ 1,200 መለካት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፤ ሆኖም «የተለካው የት ነው?» ብሎ አጥብቆ የጠየቀ አልነበረም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ከኮሚሽኑ ወደ ግዛቱ የአደጋ ጊዜ ቢሮ ተደወለና ሕዝቡ እንዲለቅ ምክር ተሰጠ።

ቢሮው ለካውንቲው ነገረ፤ የካውንቲው ኃላፊም ሕዝቡ ለመልቀቅ ሊታዘዝ እንደሚችል በሬዲዮ አሳወቀ። ሥልጣን ከያዙ ሦስት ወር ያልሞላቸው አገረ ገዥ ሪቻርድ ቶርንበርግ ደግሞ ነገሩን የሚያጣሩት ገና በዚያው ሰዓት ነበር። የኮሚሽኑን ሊቀመንበር ጆሴፍ ሄንድሪን በስልክ ሲያገኟቸው ሄንድሪ ማስለቀቅ አያስፈልግም አሏቸው። አገረ ገዥውም በ10 ማይል (16 ኪሎ ሜትር) ክልል ያለ ሰው በሩን ዘግቶ ቤቱ እንዲቀመጥ መከሩ። ከእኩለ ቀን በፊት በዋና ከተማዋ በሃሪስበርግ ሳይረን ጮኸ፤ ሰው ደንግጦ አውራ ጎዳና ላይ ወጣ፣ የስልክ መስመሮችም ተጨናነቁ። ከቀኑ 6:30 ገደማ ሦስተኛው ምክር መጣ፦ በ5 ማይል ውስጥ ያሉ ነፍሰ ጡሮችና ለትምህርት ያልደረሱ ሕፃናት ይውጡ፤ ሃያ ሦስት ትምህርት ቤቶችም ይዘጉ። በግማሽ ቀን «ውጡ»፣ «ተቀመጡ»፣ «እናትና ሕፃን ይውጣ» ተባለ ማለት ነው።

ሕዝቡ የራሱን ውሳኔ ወሰነ። የአገረ ገዥው ምክር የሚመለከተው ጥቂት ሺህ ሰው ነበር፤ በኋላ በተደረገው ጥናት ግን በ15 ማይል ክልል ውስጥ 144 ሺህ ያህል ሰው ቤቱን ለቆ ወጥቷል። በኸርሺ ከተማ ስታዲየም የተዘጋጀው መጠለያ ውስጥ የገባው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ዘመድና ወዳጅ ጋ ሄደ። ለምን እንደወጡ ሲጠየቁ ብዙዎቹ ከምክንያቶቻቸው አንዱ የመረጃው መምታታት መሆኑን ተናግረዋል። ይህን «ድንጋጤ» ብለው የመዘገቡ አሉ። እኔ አልስማማም፤ መንግሥት በግማሽ ቀን ሦስት ዓይነት ነገር ሲናገር ልጁን ይዞ የሄደ ወላጅ በአግባቡ አስቧል።

በእነዚያ ቀናት የካውንቲዎቹ ሠራተኞች ሌላ ፈተና ገጠማቸው። የ5 ማይሉን ዕቅድ ወደ 10፣ ከዚያም ወደ 20 ማይል አስፉት ተባሉ። የ20 ማይሉ ክብ ስድስት ካውንቲዎችን፣ 650 ሺህ ሰውን፣ 13 ሆስፒታሎችንና አንድ እስር ቤትን ያቅፋል። ታይሮይድን ከራዲዮአክቲቭ አዮዲን የሚከላከለው ፖታሲየም አዮዳይድም በክምችት አልነበረም፤ አንድ ፋብሪካ በጥድፊያ አምርቶ የመጀመሪያው ጭነት ለእሑድ አጥቢያ ሌሊት ደረሰ። በድምሩ ከ200 ሺህ በላይ ብልቃጥ መጣ፤ የግዛቱ ጤና ኃላፊ ግን አስፈላጊ አይደለም ብለው አላከፋፈሉትም። በአጋጣሚ ፌማ የተባለው የፌዴራል የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት ሕልውና ያገኘው በዚያው እሑድ ነው።

ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ይውጡ የሚለው ምክር ሚያዝያ 1 ተነሣ። በሒሳብ ሊቁ ጆን ኬሜኒ የተመራው የፕሬዚዳንቱ ኮሚሽን በጥቅምት 1972 ዓ.ም. ባቀረበው ሪፖርት፣ በሕዝቡ ጤና ላይ የደረሰው ዋነኛ ጉዳት የአእምሮ ጭንቀት መሆኑን ጻፈ። የወጣው ጨረር በመንግሥት ግምት ለአብዛኛው ነዋሪ ከአንድ የደረት ራጅ የሚበልጥ አልነበረም። በጥቅምት 1973 ዓ.ም. አዲሱ ደንብ በሥራ ላይ ዋለ፦ በ10 ማይል ክልል ለሰው፣ በ50 ማይል ክልል ለወተት፣ ለምግብና ለውኃ ዕቅድ ይኑር፤ ነዋሪው በ15 ደቂቃ ገደማ የሚነቃበት ሥርዓት ይዘርጋ፤ ልምምድም ይደረግ። እነዚህን ሁለት ክቦች አንድ የባለሙያዎች ቡድን ከአደጋው ጥቂት ወራት በፊት ሐሳብ አድርጎ አቅርቦ ነበር፤ ሕግ የሆኑት ግን ከዚያ ዓርብ በኋላ ነው።

የደንቡ ጉልበት የታየው በኒውዮርኳ ሎንግ አይላንድ ነው። በደሴቲቱ ሰሜን ዳርቻ የተሠራው የሾርሃም ማመንጫ ሊያልቅ ሲል ከእሱ በስተምሥራቅ ያለው ሰው በምን በኩል ይወጣል የሚል ጥያቄ ተነሣ፤ ከደሴቲቱ የሚያስወጡት መንገዶች ሁሉ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኒውዮርክ ከተማ ያመራሉና። ማመንጫው ያለበት የሰፎክ ካውንቲ ያሰማራቸው ተመራማሪዎች የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌሮችንና በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን አደጋ ቢደርስ መጀመሪያ ምን እንደሚያደርጉ ሲጠይቋቸው፣ ብዙዎቹ ወደ ቤተሰባቸው እንደሚሄዱ መለሱ። ተቃዋሚዎችም የፔንሲልቬንያውን 144 ሺህ ጠቅሰው፣ ከ10 ማይሉ ውጭ ያለውም ሰው ትእዛዝ ሳይጠብቅ መንገዱን ይሞላዋል ብለው ተከራከሩ። በየካቲት 1975 ዓ.ም. የሰፎክ ካውንቲ ምክር ቤት ሕዝቡን በደኅና ማስወጣት አይቻልም ሲል በ15 ለ1 ድምፅ ወሰነ፤ የግዛቱ አገረ ገዥ ማሪዮ ኩዎሞም ከምክር ቤቱ ጋር ቆሙ። ኩባንያው ትራፊኩን በራሱ ሠራተኞች አስተናግዳለሁ ቢል ፍርድ ቤት ያ የመንግሥት ሥልጣን ነው አለው። በየካቲት 1981 ዓ.ም. በተደረሰው ስምምነት ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ የፈጀው ማመንጫ በ1 ዶላር ለኒውዮርክ ግዛት ተላለፈ፤ ወጪው በደሴቲቱ ነዋሪዎች የመብራት ሒሳብ ላይ ተጨምሮ ለዓመታት ተከፈለ።