ለጉዞ ፎቶ ስንት ሌንስ ይበቃል? ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

ጥር 11፣ ጎንደር። ጸሎቱ አልቆ የፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ውኃ ተባርኳል። ወጣቶቹ ልብሳቸውን አውልቀው ለመዝለል ጠርዙ ላይ ቆመዋል። እኛስ? ጎንበስ ብለን ሌንስ እየቀየርን ነበር። ቀና ስንል የመጀመሪያዎቹ ልጆች ውኃ ውስጥ ገብተዋል፣ ሕዝቡ እልል ብሏል፣ እኛ እጅ ላይ የቀረው የሌንስ ክዳን ነው።

ያን ቀን ሦስት ሌንስ ተሸክመን ነበር። ትልቁን ቴሌ የገዛነው ለወራት ባጠራቀምነው ብር ነው። በአምስት ቀን ጉዞ ከቦርሳ የወጣው ሁለቴ ብቻ። ከዚያ ወዲህ ለጉዞ ስንነሳ ሁለት ጥያቄ እንጠይቃለን፦ የምናነሳው ነገር ምን ያህል ይርቃል? ብርሃኑስ ምን ያህል ነው? የሌንስ ምርጫ ከነዚህ ከሁለቱ አያልፍም። ትልቅና ውድ ስለሆነ ብቻ ለጉዞ የሚሆን ሌንስ የለም።

እስኪ ከመጀመሪያው እንያዘው።

1. ሌንሱ ላይ የተጻፉት ቁጥሮች

በሚሊ ሜትር የተጻፈው ቁጥር የእይታውን ስፋት ይነግራችኋል። ቁጥሩ ሲያንስ ብዙ ነገር ፍሬሙ ውስጥ ይገባል፤ ሲበዛ የሩቁ ይቀርባል። "18-55" የሚል ከሆነ ዙም ነው፣ ከ18 እስከ 55 ይሄዳል። "50" ብቻ ከሆነ ፕራይም ይባላል፤ ዙም የለውም፣ ዙሙ እግራችሁ ነው።

ሁለተኛው የኤፍ ቁጥር ነው፣ አፐርቸር የሚባለው። እዚህ ነገሩ ይገለበጣል፦ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ብዙ ብርሃን ይገባል። ከካሜራ ጋር የሚመጣው 18-55 ኪት ሌንስ ብዙ ጊዜ "3.5-5.6" ይላል። ይህም 18 ላይ ስትሆኑ ኤፍ 3.5 ድረስ መክፈት ትችላላችሁ፣ 55 ላይ ስትደርሱ ግን ከ5.6 በላይ አይከፈትም ማለት ነው። ርካሹ 50 ሚሊ ሜትር ፕራይም ግን ኤፍ 1.8 ነው። በ1.8 እና በ5.6 መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ወደ 10 እጥፍ ይጠጋል። ጨለም ያለ ቤት ውስጥ ኪት ሌንሱ 1/10 ሰከንድ ሲጠይቃችሁና ፎቶው ሲንቀጠቀጥ፣ ፕራይሙ ወደ 1/100 ሰከንድ ያደርሳችኋል። የተንቀጠቀጠና የጠራ ፎቶ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

"ግን እኮ ሌንሴ የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያ አለው" ትሉ ይሆናል። ካነን "አይኤስ"፣ ኒከን "ቪአር"፣ ሶኒ "ኦኤስኤስ" ይሉታል። ጥሩ ነገር ነው፤ የእናንተን እጅ ያረጋጋል። የሚጨፍረውን ሰው ግን አያቆመውም። ሰው ሲንቀሳቀስ የሚያድናችሁ ፈጣን ሹተር ነው፣ ለፈጣን ሹተር ደግሞ ብርሃን ያስፈልጋል።

2. ካሜራችሁ ቁጥሩን ይቀይረዋል

ብዙዎቻችን የጀመርነው ሰንሰሩ አነስ ባለ ካሜራ ነው፣ ክሮፕ በሚባለው። በኒከን፣ በሶኒና በፉጂፊልም ክሮፕ ካሜራዎች የሌንሱን ቁጥር በ1.5 አባዙት፤ በካነን በ1.6። ስለዚህ 50 ሚሊ ሜትር ኒከን ላይ እንደ 75፣ ካነን ላይ እንደ 80 ይሆናል። ለአንድ ሰው ፊት ድንቅ ነው። ጠባብ ቤት ውስጥ ቡና የሚያፈሉትን እናትና ዙሪያቸውን የተቀመጠውን ሰው በአንድ ፍሬም ለማስገባት ግን ጀርባችሁ ግድግዳ ነክቶም አይበቃችሁም። እዚያ 35 ሚሊ ሜትር ይሻላል፤ ክሮፕ ላይ እንደ 50 ገደማ ነው የሚያየው። ታዋቂው ፈረንሳዊ ፎቶግራፈር አንሪ ካርቲየ-ብሬሶን አብዛኛውን ሥራውን የሠራው በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው። ይህ እይታ ለጉዞ ፎቶ እንደሚበቃ ከሱ በላይ ምስክር አያስፈልግም።

3. የት ስትሄዱ ምን ያስፈልጋል?

ላሊበላ። ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ፣ ከጠርዙ ቆማችሁ ለማንሳት 18-55 ይበቃል። ወደ ታች ወርዳችሁ ግቢው ውስጥ ስትቆሙ ግን ግድግዳው ቅርባችሁ ነው፣ ቀና ብላችሁ ሙሉውን ለማስገባት ዋይድ ትፈልጋላችሁ። ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ጨለማ ነው፣ ብርሃኑ የመስኮትና የጧፍ ነው። ኤፍ 1.8 ፕራይም ዋጋውን የሚከፍለው እዚህ ነው። ፍላሹን እርሱት፦ የሚጸልይ ሰው ይረብሻል፣ የቦታውንም ብርሃን ይገድለዋል። ከሁሉም በፊት ግን ማንሳት ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ።

ሐረር። የጀጎል ጠባብ መንገዶች ለዋይድና ለ35 የተሠሩ ይመስላሉ። ማታ የጅብ ምገባውን ልታዩ ከወጣችሁ ኪት ሌንሱ ይቸገራል፤ ያለው ብርሃን የባትሪ ወይም የመኪና መብራት ነው። አሁንም ፕራይም።

ስሜን ተራሮች። ጭላዳዎቹ ሰው ስለለመዱ ብዙ ጊዜ ቀረብ ብለው ሣር ሲነጩ ታገኟቸዋላችሁ፤ 55 ሚሊ ሜትርም ያሠራችኋል። ዋልያ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ጨነቅ አካባቢ ገደል ላይ ከሩቅ ነው የምታዩት፣ እዚያ 300 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል። ወፍ ለማንሳትም እንደዚሁ። ለዱር እንስሳ የምትሄዱ ከሆነ 70-300 ወይም 55-250 ዓይነት ቀላል ቴሌ ያዙ። ኤፍ 2.8 የሆነው ከባዱ 70-200 ያምራል፤ ግን ብዙዎቹ የዲኤስኤልአር ሞዴሎች 1.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ። የካነን 50 ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም ግን 160 ግራም ገደማ ነው። ስሜን ላይ ዳገት ስትወጡ ልዩነቱን ትከሻችሁ ይነግራችኋል።

ዳሎልና ዳናክል። ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የወረደ ቦታ ነው። ሙቀት፣ ጨውና አቧራ አለ። እዚህ ዋናው ምክር አንድ ነው፦ ሌንስ አትቀይሩ። አንድ ዙም አስራችሁ ግቡ፣ በሱው ውጡ።

ሰውን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር እንበል። ቴሌ ይዞ ከሩቅ የሰው ፊት መስረቅ ይቀላል፤ ፎቶው ላይ ግን ይታወቃል፣ ሰውየው እናንተን አያውቃችሁም። 35 ወይም 50 ስትይዙ መቅረብ ግድ ነው፣ ስትቀርቡ ደግሞ ሰላም ማለት ግድ ነው። "እማማ፣ ላንሳዎት?" ብሎ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም። እምቢ ካሉም አመስግናችሁ ማለፍ ነው።

4. ታዲያ የትኞቹን ሁለት?

የኛ መልስ፦ ያላችሁን ኪት ሌንስ አትናቁት፣ እሱ ላይ አንድ ፈጣን ፕራይም ጨምሩ። ክሮፕ ካሜራ ካላችሁና ቤት ውስጥ፣ ጎዳና ላይ፣ ሰው ከነአካባቢው የምታነሱ ከሆነ 35። ፊት፣ ፊት ብቻ ካላችሁ 50፤ ብዙ ጊዜ ዋጋውም ከ35 ይረክሳል። እንስሳና ወፍ ከሆነ ዓላማችሁ በፕራይሙ ፈንታ ቀላል ቴሌ። ሦስተኛ ሌንስ የሚገዛው ሁለቱ አልበቃ ሲሉ ነው።

ዋይድስ? ዋይዱ ኪሳችሁ ውስጥ አለ! የአብዛኛው ስማርትፎን ዋና ካሜራ በፉል ፍሬም ሂሳብ ከ24 እስከ 26 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። "0.5" የሚል ካለው ደግሞ ወደ 13 የሚጠጋ ነው። ተራራውን፣ ሰማዩን፣ ግቢውን በስልክ አንሱት፤ የሌንሱን ብር ስልካችሁ ለማይችለው ነገር አውጡት። ስልክ የማይችለው ሩቁንና ጨለማ ውስጥ የሚንቀሳቀሰውን ነው። ስልክ ብቻ ያላችሁም አስታውሱ፦ በሁለት ጣት ስትጎትቱ ብዙ ጊዜ ስልኩ ሥዕሉን እየቆረጠ ነው የሚያሳድገው። ከመጎተት መራመድ ይሻላል።

አሁንም ካመነታችሁ፣ ያነሳችኋቸውን ፎቶዎች ጠይቁ። ኮምፒውተር ላይ ፎቶውን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ግቡ፣ ስንት ሚሊ ሜትር ላይ እንደተነሳ ይነግራችኋል። የምትወዷቸውን 50 ፎቶዎች እዩ። አብዛኛው 18 ላይ ነው? 35 ላይ? ሁልጊዜ 55 ደርሳችሁ "ትንሽ በቀረበልኝ" ትላላችሁ? መልሱ እዚያው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሌንስ የሚያከራዩም አሉ፤ ውድ ሌንስ ከመግዛት በፊት ለአንድ ቅዳሜና እሁድ ተከራይቶ መሞከር ብዙ ጸጸት ያድናል።

5. ያገለገለ ሌንስ ስትገዙ

አብዛኞቻችን የምንገዛው ያገለገለ ነው፣ ነውር የለውም። ግን ካሜራችሁን ሳትይዙ እንዳትሄዱ። አንድ ጓደኛችን "50 ነው፣ 1.8 ነው" ብሎ ከፍሎ ቤቱ ሲገባ ኦቶፎከሱ አልሠራም። ሌንሱ አልተበላሸም፤ የኒከን ዲ3000 እና ዲ5000 ተከታታይ ካሜራዎች ውስጣቸው የፎከስ ሞተር ስለሌላቸው ነው። የድሮዎቹ "ኤኤፍ-ዲ" ሌንሶች እነሱ ላይ በእጅ ብቻ ነው የሚሠሩት። "ኤኤፍ-ኤስ" የሚለውን ፈልጉ።

ካነን ላይ ደግሞ፦ "ኢኤፍ-ኤስ" ሌንስ ለክሮፕ ብቻ ነው፣ ፉል ፍሬም ዲኤስኤልአር ላይ አይገባም። በ2018 የመጣው "አርኤፍ" ለሚረርለስ ነው፣ ዲኤስኤልአር ላይ ጭራሽ አይሆንም። በተቃራኒው የድሮው "ኢኤፍ" አዲሶቹ "አርኤፍ" ካሜራዎች ላይ በአዳፕተር ከነኦቶፎከሱ ይሠራል። ወደፊት ካሜራ ለመቀየር ካሰባችሁ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን አድርጉ፦

- የስልክ ባትሪ አብርታችሁ በሌንሱ ውስጥ ተመልከቱ። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ ተዉት። አንድ ሁለት የአቧራ ቅንጣት ግን ችግር የለውም።
- የአፐርቸሩ ምላጮች ላይ ዘይት የሚመስል ነገር እንዳለ እዩ።
- ዙሙንና ፎከሱን አዙሩ። የሚንቋቋ ወይም የሚይዝ ከሆነ ተጠራጠሩ።
- ካሜራው ላይ አስራችሁ ቅርብም ሩቅም አንሱ፤ አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ አራቱን ማዕዘን ስክሪኑ ላይ አጉልታችሁ እዩ። አንዱ ወገን ብቻ ብዥ ካለ ሌንሱ ሳይወድቅ አልቀረም።

6. መንገድ ላይ

ሌንስ ስትቀይሩ ካሜራውን አጥፉት፣ ለነፋሱ ጀርባችሁን ስጡት፣ የካሜራውን አፍ ወደ መሬት አዙሩት። የሚገባውን ሌንስ የኋላ ክዳን አስቀድማችሁ አላሉት። ሰማይ ስታነሱ ተደጋጋሚ ጥቁር ነጥብ ካያችሁ ሰንሰሩ ላይ አቧራ አለ ማለት ነው። በአፋችሁ እፍ አትበሉበት፣ ምራቅ ይገባል፤ በእጅ የሚጨመቀውን መንፊያ ተጠቀሙ። የሌንሱን መስታወት በቲሸርት ጫፍ መጥረግም ይቅር፣ አቧራው ራሱ ይጭረዋል። መጀመሪያ ንፉት፣ ከዚያ በንጹሕ የሌንስ ጨርቅ።

ከሁሉም በላይ ግን፣ አንድ ነገር ሊሆን ሲል ሌንስ አትቀይሩ። እጃችሁ ላይ ባለው አንሱ። እኛ በቀጣዩ ዓመት ጥምቀት ላይ ጎንደር የተመለስነው በ35 ብቻ ነው። ዝላዩን አገኘነው፤ ከፍሬሙ ግማሹ የውኃ ፍንጣቂ ነው፣ ከጀርባው የሕዝቡ ፊት አለ። ትልቁ ቴሌ ተሽጧል። ብሩ ለጉዞው ትራንስፖርት ሆነ።

ሴቭ አድርጋችሁ ያዙት፤ ሌንስ ሊገዛ ብር እየቆጠረ ላለ ጓደኛችሁም ላኩለት። መልካም ጉዞ!