የፒንግ መልስና የተቆራረጠው መልእክት

ማናቸውም የኮምፒዩተር መረብ ባለሙያ በየዕለቱ የሚገለገልበትን ፒንግን የጻፈው፣ በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት በአበርዲን በሚገኘው የጦር ሠራዊቱ የባሊስቲክ ምርምር ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ማይክ ሙስ ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1983 ነበር። ስሙን የወሰደው ባሕር ሰርጓጅ መርከብን ለማግኘት ከሚላከው የሶናር ድምፅ ነው። ሆኖም ሙስ የጻፈው የጠያቂውን ወገን ነው። መልሱን የሚሰጠው በሌላው ጫፍ ያለው ሥርዓተ ክወና ሲሆን፣ ግዴታውም በጆን ፖስቴል አዘጋጅነት በሴፕቴምበር 1981 በወጣው ደንብ ተጽፏል፤ ይኸውም የተላከለትን ባይት ሁሉ እንዲመልስ ነው። ቃሉ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን መልእክቱ ከመንገዱ ልክ ሲበልጥ፣ በመላሹ ላይ የሚወድቀው ሸክም ከጠያቂው ድካም ጋር ከቶ የማይመጣጠን ሆኖ እናገኘዋለን።

በተለመደው አሠራር ችግር የለም። ፒንግ ብዙውን ጊዜ የሚልከው 56 ባይት ነው፤ ከአርእስቶቹ ጋር 84 ይሆናል፤ ኤተርኔት ደግሞ እስከ 1,500 ይፈቅዳል። ጠያቂው 4,000 ባይት ልላክ ያለ እንደሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። የፒንግ አርእስት 8 ባይት ተጨምሮበት 4,008 የሆነው መልእክት 1,480፣ 1,480 እና 1,048 ባይት በያዙ ሦስት ቁራጮች ይጓዛል። እያንዳንዱም ከየትኛው ባይት ላይ እንደሚገጥም የሚናገር ቁጥር ይዟል። መላሹ ቦታ አዘጋጅቶ፣ ቀሪዎቹን ጠብቆ፣ ቅደም ተከተላቸው ቢዛባ አስተካክሎ፣ ሁሉንም ከገጣጠመ በኋላ ብቻ ይመልሳል፤ ሲመልስም ራሱ እንደ ገና ይቆራርጠዋል። አንዱ ቁራጭ በመንገድ ቢቀር የደረሱት ሁሉ ይጣላሉ።

እስከ መቼ ይጠበቅ? የ1981ዱ ደንብ ለመነሻ 15 ሴኮንድ ሐሳብ አቀረበ፤ በኦክቶበር 1989 የወጣው የአስተናጋጅ ኮምፒዩተሮች ደንብ ከ60 እስከ 120 አደረሰው፤ ሊኑክስ ደግሞ 30ን መረጠ። ያው የ1989 ሰነድ፣ መቆራረጥ የማይችል ሥርዓት መልሱን በሚችለው ልክ አሳጥሮ እንዲልክ ፈቅዷል። በእኔ አስተያየት ደንብ አውጪዎች የመላሹን ሸክም ካመኑባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ይህ ነው።

ክሪስቶፈር ኬንትና ጄፍሪ ሞገል በ1987 ባቀረቡት ጽሑፍ መቆራረጥ ጎጂ መሆኑን አስጠንቅቀው ነበር። ያሳሰባቸው ግን በይበልጥ የሥራው ቅልጥፍና ነበር። ከዚያ የከፋው በ1996 መጣ።

አንድ መልእክት ከነአርእስቱ ከ65,535 ባይት ሊበልጥ አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ ፒንግ ሊሸከም የሚችለው ከፍተኛው መጠን 65,507 ነው። የቁራጩ ቦታ መግለጫ ግን 13 ቢት ያለውና በስምንት በስምንት ባይት የሚቆጥር በመሆኑ እስከ 65,528ኛው ባይት ድረስ ሊያመለክት ይችላል። እዚያ የሚገጥም ቁራጭ ብዙ መቶ ባይት ቢይዝ ድምሩ ከልኩ ያልፋል፤ ይህም የሚታየው ሲገጣጠም ብቻ ነው። የዊንዶውስ 95 ፒንግ ተጠቃሚው 65,510 ብሎ ቢያዘው ያለ ተቃውሞ ይልክ ነበር፤ ከአርእስቶቹ ጋር 65,538 መሆኑ ነው። ሦስት ባይት ብቻ! ብዙ ሥርዓተ ክወናዎች እንዲህ ያለ መልእክት ይመጣል ብለው አልተዘጋጁም ነበርና፣ ትርፉ ለሌላ ሥራ በተያዘው ማኅደረ ትውስታ ላይ እየፈሰሰ ማሽኑን ያቆመው ወይም ያስነሳው ነበር። ከዩኒክስ ዓይነቶች አንሥቶ እስከ ማተሚያ መሣሪያዎች ድረስ የተጎዱት ብዙ ነበሩ፤ ነገሩም የሞት ፒንግ ተባለ። መድኀኒቱ ቁራጩን ከመቀበል በፊት መነሻውንና ርዝመቱን ደምሮ ከልኩ ያለፈውን መጣል ነው፤ ይህን ያህል ቀላል የሆነ ምርመራ ለዓመታት መዘንጋቱ ያስገርማል።

ሸክሙ ግን በዚህ አልቀረም። በ2018 ሊኑክስ ቁራጮችን በሰንሰለት ደርድሮ የአዲሱን ቦታ አንድ በአንድ ይፈልግ እንደነበር፣ ጥቂት ትራፊክ ብቻ በመላክም ፕሮሰሰሩን ማድከም እንደሚቻል ታወቀ። የጊዜው መፍትሔ ለቁራጮች የተመደበውን ማኅደረ ትውስታ ከ4 ሜጋባይት ወደ 256 ኪሎባይት መቀነስ ሆነ። በኋላም ሰንሰለቱ በፈጣን የዛፍ አወቃቀር ተተካ፤ ቁራጮቹ እርስ በርሳቸው የተደራረቡበት መልእክትም በሙሉ እንዲጣል ተደረገ።