ቦታ ያዡ መኮንን

ጄምስ ካሜሮን እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው «ኤሊየንስ» ፊልም ውስጥ ጎርማን የሚባል ሌተናንት አለ። ዘመኑ 2179 ነው። ጦሩ የአሜሪካ የቅኝ ግዛት ማሪን ይባላል፤ ግዳጁም ኤልቪ-426 በተባለች ሩቅ ጨረቃ ላይ ድምፃቸው የጠፋ ሰፋሪዎችን መፈለግ ነው። መሣሪያው ገና ያልተሠራ፣ ጠላቱም ከዚህ ዓለም ያልሆነ ነው። የመኮንኑ ማዕረግ ግን በ14ኛው መቶ ዘመን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ የገባ አሮጌ ቃል ነው። የሳይንስ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች መርከብና ጠመንጃ ሲፈለስፉ አይሰንፉም፤ ማዕረግ ላይ ሲደርሱ ግን ከአያቶቻቸው ሣጥን ያወጣሉ።

በፈረንሳይኛ «ሊዩ» ቦታ ነው፤ «ተናን» ያዥ። ሌተናንት ማለት እንግዲህ ቦታ ያዥ ነው። የቃሉ አደራደር ራሱ እንደ አማርኛ የሚያዘውን አስቀድሞ ያዡን ያስከትላል። ከበስተጀርባው «ሎኩም ቴነንስ» የሚል የላቲን ሐረግ አለ፤ ዛሬም እንግሊዞች የቀረን ሐኪም ተክቶ የሚሠራውን ሐኪም «ሎከም» የሚሉት ከዚሁ ወስደው ነው። ተተኪው ሐኪምና የማሪኑ መኮንን በስም ወንድማማቾች ናቸው።

ቦታው የማን ነው? መጀመሪያ የካፒቴኑ ነበር። ካፒቴን «ካፑት» ከሚለው ላቲን የመጣ ነው፤ ትርጉሙ ራስ፣ ጭንቅላት። እኛም ጦር አዝማቹን «ራስ» ስንለው ያው አካል ላይ ደርሰናል፤ ራስ አሉላ ማለት በቃሉ ፍች ካፒቴን አሉላ ማለት ነው፤ ሥልጣኑ ግን ከካፒቴን እጅግ የራቀ ነበር። ካፒቴኑ ሲታመም ወይም ሲሞት ቦታውን የሚይዝ ያስፈልጋል፤ ሌተናንት የተባለው እሱ ነው።

ይህን የያዘ ሰው አንድ የቆየ እንቆቅልሽ ይፈታለታል። ሻለቃ፣ ማለትም ሜጀር፣ ከመቶ አለቃ፣ ማለትም ከሌተናንት፣ ይበልጣል። ታዲያ ሌተና ጄኔራል ከሜጀር ጄኔራል ለምን በለጠ? ሌተና ጄኔራል የጄኔራሉ ቦታ ያዥ፣ ማለትም ሁለተኛው ሰው ነው። ሜጀር ጄኔራል ደግሞ ሲጀመር ሳጅን ሜጀር ጄኔራል ይባል ነበር፤ ሳጅን «አገልጋይ» ከሚል የላቲን ቃል የወጣ ስለሆነ ማዕረጉ ከታች የተነሣ ነው። በኋላ «ሳጅን» ተቆርጦ ወደቀና ማዕረጉ ከሻለቃ ጋር የሚዛመድ መሰለ። ሌተና ኮሎኔልም የኮሎኔሉ ምትክ ነው፤ እዚያ ግራ የሚያጋባ ነገር የለም።

አነባበቡ ሌላ ጣጣ ነው። እንግሊዞች ቃሉን «ሌፍተናንት» ይሉታል፤ «ፍ»ዋ ከየት እንደገባች ሊቃውንቱ እስካሁን አልተስማሙባትም። አሜሪካኖች በፊደሉ መሠረት «ሉተናንት» ይላሉ። ካሜሮን ካናዳዊ ነው፤ ፊልሙም የተቀረፀው እንግሊዝ አገር ነው። የሁለቱም አገር ጦር «ሌፍ» የሚል ቢሆንም፣ ማሪኖቹ አሜሪካውያን ናቸውና በፊልሙ ውስጥ የሚሰማው «ሉ» ነው።

«ማሪን» ስለሚለው ቃልም ጥቂት ልበል። ሥሩ «ማሬ» ነው፤ ባሕር። ባሕር በሌለበት ጠፈር የባሕር ወታደር ምን ይሠራል የሚል ቢኖር፣ መልሱ እንግሊዝኛ የጠፈር ጉዞን ከመጀመሪያው እንደ ባሕር ጉዞ ማሰቡ ነው። በጠፈር የሚሄደውን መርከብ አለው፤ መርከብ ካለ ባሕረተኛ አለ፤ ባሕረተኛ ካለም ማሪን ይኖራል። አማርኛ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። የጠፈር መንኮራኩር እንላለን፤ መንኮራኩር በግእዝ የሚሽከረከር ጎማ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ ሰው በሕዝቅኤል ራእይ ያውቀዋል። በጎማ ላይ የተሳፈረ የባሕር ወታደር ለአማርኛ ጆሮ እንግዳ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ወደ ጎርማን እንመለስ። ልምዱን ሲጠየቅ 38 ጊዜ መውረዱን ይናገራል፤ ሁሉም በማስመሰያ ልምምድ። እውነተኛ ግዳጅ ስንት ነው ሲባል ይህኛውን ጨምሮ 2። ሱላኮ በተባለችው መርከብ ላይ ከእሱ በላይ መኮንን የለም፤ ቦታ ያዡ የሚይዘው የማንን ቦታ እንደሆነ ግልጽ አይደለም። ከወታደሮቹም ጋር አይገባም፤ ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ውስጥ ተቀምጦ ከየራስ ቁራቸው በሚመጣ ምስል ያዛቸዋል። ቦታ ያዥ ተብሎ ቦታው ላይ የሌለ መኮንን ነው። ጥቃቱ ሲጀመር ይደነዝዛል፤ ሳጅን አፖን ይወሰዳል፤ የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ ሪፕሊ መሪውን ነጥቃ ተሽከርካሪውን ትነዳለች፤ እሱም የሚወድቅ ዕቃ ራሱን መትቶት ሕሊናውን ይስታል።

እዚህ ላይ ሪፕሊ የምታነሣው ነጥብ ሕጋዊ ነው፦ ግዳጁ የጦር ግዳጅ ከሆነ ከጎርማንና ከአፖን ቀጥሎ አዛዡ ሂክስ ነው። ሂክስ ኮርፖራል ነው። ኮርፖራል ደግሞ «ካፖ» ከሚለው ጣሊያንኛ የወጣ ነው፤ ካፖ ራስ ማለት ነው፤ ከካፒቴኑ «ካፑት» ጋር አንድ ዘር። ቦታ ያዡ ሲወድቅ ከታች የነበረው ትንሹ «ራስ» ቦታውን ያዘ። ካሜሮን ይህን አስቦት ነው ብዬ አልከራከርም፤ ለእኔ ግን የፊልሙ ምርጥ ትዕይንት ይህ ነው፤ ከጭራቁም ይበልጥብኛል። ጎርማን በመጨረሻ የቆሰለችውን ማሪን ቫስኬዝን ለማውጣት ተመልሶ ከእሷ ጋር በእጅ ቦምብ ይሞታል። ቦታውን በትክክል የያዘው ያኔ ነው።

አማርኛ ማዕረግን የሚሰፍረው በቁጥር ነው። አስር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሻለቃ፤ ሻለቃ የሺ አለቃ ነው። ሁሉም አለቃ ነው፤ የሚለያያቸው ቁጥሩ ብቻ፤ ቁጥሩ ደግሞ ዛሬ ከሜዳው ጋር አይገናኝም፤ የአንድ መቶ አለቃ ጦር መቶ አይሞላም። ቁጥሩ ቃል በቃል የሚሠራው በዋርሀመር 40,000 ጨዋታ ዓለም ውስጥ ነው። እዚያ የጠፈር ማሪኖች አንድ ክፍል በደንቡ 1,000 ሰው ነው፤ ባለ 100 አሥር ሻምበሎች አሉት። የክፍሉ ጌታ እውነተኛ ሻለቃ፣ ካፒቴኑም እውነተኛ መቶ አለቃ ነው። የጨዋታው ባለቤቶች እ.ኤ.አ. በ2017 ሌተናንቶችን ሲጨምሩ ምክትል አድርገው ከካፒቴኑ ሥር አስቀመጧቸው፤ ለቃሉ ሥር ታማኝ ሆነዋል።

የቦታ ያዥነቱን ሐሳብ አማርኛ አላጣውም፤ ምክትል መቶ አለቃ በሚለው ማዕረግ ወታደሩ ትከሻ ላይም አለ። «ምክትል» ከከተለ የወጣ ነው። «እንደራሴ» ደግሞ ከፈረንሳይኛው ይጠልቃል፦ እንደ ራሴ፣ እኔን ራሴን የሚሆን። በ1909 ዓ.ም. ንግሥት ዘውዲቱ ሲነግሡ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ተባሉ፤ ዛሬ ቃሉ የምክር ቤት አባላት ነው። ፈረንሳዩ የሚያስጠብቀው ወንበሩን ነው፤ አማራው የሚወክለው ራሱን ነው።

ፊልሙን ወደ አማርኛ የምትመልስ ሰው ከሆንህ፣ ጎርማንን እንደራሴ አትበለው፤ ክብሩ ይበዛበታል። «ሌተናንት» እና «ኮርፖራል» ብለህም አትለፋቸው። መቶ አለቃና አስር አለቃ በላቸው። ተመልካቹ አስሩ የመቶውን ቦታ ሲወስድ በገዛ ቋንቋው ይስማ።