ቡናው ከከፋ ጫካ፣ ስሙ ከሰው ብዕር

እ.ኤ.አ. በ1753 ስዊድናዊው ሊኔየስ ለቡና ተክል ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣ «አረቢካ» አለው። አውሮፓ ቡናን ያወቀችው በአረቦች በኩል ነበርና። የተክሉ መገኛ ግን ከፋን የያዘው የደቡብ ምዕራብ ጫካችን ነው። ባለቤቱ ዝም ሲል የጻፈው ሰው ስም አወጣ።

በ2005 ኢትዮጵያ ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አሜሪካ ላይ አመለከተች። ከስታርባክስ ጋር የተነሳው ውዝግብ በ2007 በስምምነት ተቋጨ። ሙግቱ የተካሄደው በእንግሊዝኛ ወረቀት ነው። ከሦስቱ ስሞች መካከል ግን ከፋ አልነበረም።

በ2010 የከፋ ጫካ በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ ሰፈረ። ይህም በወረቀት የተገኘ ነው።

ወገኖቼ፣ ዛሬም ከቦንጋ ለውጭ ገዢ የሚጻፍ ደብዳቤ ዋጋ ያስከፍላል። እኛ ሰላምታና ምስጋና አስረዝመን ዋናውን ጉዳይ መጨረሻ ላይ እናመጣለን። ገዢው ግን በመጀመሪያው መስመር የሚፈልገው ደረጃውን፣ መጠኑን፣ ዋጋውንና የሚጫንበትን ወር ነው። «በቅርቡ እንልካለን» የሚል ቃል ውል አይሆንም፤ ቀን ይጻፍ።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበራት ጸሐፊዎችን እንዲህ ያለ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ማስተማር ቅንጦት አይደለም። የቦንጋ ዩኒቨርሲቲ እዚያው አጠገባቸው አለ። ራሳችን ካልጻፍን፣ ሌላው እንደገና ይጽፍልናል።